ልጅ መውለድና የዘመድ ምክር

የሰው ልጅ በዘመኑ ከሚቆርጣቸው ነገሮች መካከል ልጅ ለመውለድ ወይም ላለመውለድ፥ አሁን ለመውለድ ወይም ለማቆየት፥ ጥቂት ወይም ብዙ ለመውለድ እንደሚቆርጠው ያለ ከባድ ነገር ጥቂት ነው። ሹመት ቢከፋ ይለቀቃል፤ ቤት ባይስማማ ይሸጣል፤ አገር ባይመች ወደ ሌላ አገር ይኬዳል። የተወለደን ልጅ ግን እንዳልተወለደ ማድረግ አይቻልም። ሕፃኑ ከተወለደበት ሰዓት ጀምሮ አንድ አዲስ ሰው ወደ ዓለም ገብቷል፤ ይርበዋል፥ ይታመማል፥ ይማራል፥ አንድ ቀንም ወላጆቹን «ስለምን ወለዳችሁኝ?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ስለዚህ ይህን ጉዳይ ባልና ሚስት በሙሉ ልቡናና በራሳቸው ኅሊና ሊቆርጡት ይገባል ቢባል የሚቃወም ሰው ያለ አይመስለኝም።

ነገር ግን ኑሯችንን አስተውለን ብንመለከት፥ የዚህን ያህል የብዙ ሰው ቃል የሚገባበት ጉዳይ አናገኝም። የጎረቤቱን የደመወዝ ልክ ለመጠየቅ የሚያፍር ጨዋ ሰው፥ ያቺው ጎረቤቱ እስካሁን ስለምን እንዳልወለደች ለመጠየቅ አያፍርም። ሙሽሮች ከተጋቡ ዓመት ሳይሞላቸው አማት ትጠይቃለች፤ አክስት ትጠይቃለች፤ የመሥሪያ ቤት ባልደረባ ይጠይቃል፤ የዕድር ጸሐፊም ሳይቀር ይጠይቃል። አንድ ልጅ ከወለዱም ጥያቄው አይቆምም፤ «ለዚህ ወንድም ወይም እኅት አታስፈልገውም ወይ?» የሚል ሌላ ጥያቄ ይከተላል። እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይህ ነው፤ ቤተ ዘመድና ወዳጅ በሰው የመውለድ ፈቃድ ላይ የሚያሳድሩት ኃይል ከምን የመጣ ነው? ከዚህስ ኃይል የቱ ተገቢ፥ የቱ ወሰን ያለፈ ነው?

በመጀመሪያ የቆየውን ምክር በንቀት ማየት አይገባም። በሠርግ ቀን ሽማግሌዎች ተነሥተው ሙሽሮቹን «ውለዱ፥ ክበዱ» ብለው ሲመርቁ ቃሉ ከባዶ ልማድ የመጣ አልነበረም። ባለፈው ዘመን በገጠር ይኖር ለነበረው ገበሬ ልጅ ማለት ብዙ ነገር ነበር። በሕፃንነቱ ከብት ጠባቂ፥ ውኃ ቀጂና እንጨት ለቃሚ፥ ሲጐለምስም አራሽ ነበር። ርስት በአባትም በእናትም በኩል በትውልድ ይወረስ በነበረበት አገር፥ ልጅ የሌለው ሰው መሬቱ ወደ ሌላ ዘመድ እንደሚያልፍ ያውቅ ነበር። የእርጅናም ነገር ነበረ። ለመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ ሕግ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ሲወጣ የደረሰው ለጥቂቱ ደመወዝተኛ ብቻ ነው፤ የግል ድርጅት ሠራተኞች በዐዋጅ የጡረታ ዐቅድ የተደነገገላቸው በ2003 ዓ.ም. ነው። ከዚህ ውጭ ላለው ሰፊ ሕዝብ የእርጅና ምርኩዙ ልጁ ነበር፤ ለብዙው ሰው ዛሬም እንደዚሁ ነው።

በዚህ ሁሉ ላይ ደግሞ ሞት ነበረ። በ1992 ዓ.ም. በአገራችን በተካሄደው የሕዝብና የጤና ጥናት እንደ ተገኘው፥ ከጥናቱ በፊት በነበሩት አምስት ዓመታት ከሚወለዱት 1,000 ሕፃናት መካከል 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። ይህም ማለት ከስድስት ሕፃናት አንዱ ማለት ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዘመን ደግሞ ሞቱ ከዚህ የባሰ ነበር። «አንድ ያላት እንቅልፍ የላት» የሚለው ተረት የወጣው ከእንዲህ ያለው ኑሮ ነው። አያት የልጅ ልጇን «ድገሚ፥ ደጋግመሽ ውለጂ» ስትላት፥ ስንት ሕፃን ቀብራ እንደ ተረፈች እያሰበች ትናገር ነበር እንጂ በሰው ጉዳይ ገብታ መፈትፈቷ አልነበረም። የእርሷ ምክር በገዛ ዕንባዋ የተማረችው ዕውቀት ነበር።

ነገር ግን ዕውቀት የሚሆነው ምክር ከኑሮው ጋር እስከ ተስማማ ድረስ ነው። በ2008 ዓ.ም. የተደረገው ጥናት እንዳሳየው የሕፃናቱ ሞት ከ1,000 ወደ 67 ወርዷል። ይህ ቁጥር ገና የሚያሳዝን ቢሆንም፥ ከቀድሞው ግማሽ እንኳ አይሞላም። በከተማ የሚኖር ልጅ እረኛ መሆኑ ቀርቶ ተማሪ ሆኗል፤ ልብስ፥ ደብተር፥ የትምህርት ቤት ክፍያና የቤት ኪራይ የሚጠይቅ ሆኗል። ወላጁን በሥራው ይረዳ የነበረው ልጅ ሃያ ዓመት እስኪሆነው ድረስ፥ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፥ ከወላጁ እጅ የሚጠብቅ ሆኗል። ምክንያቱ ሲለወጥ ግን ምክሩ አብሮ አልተለወጠም። አሮጌው ምክር የወለደው ኑሮ ካለፈ በኋላ ብቻውን ቆሞ ይታያል፤ የሚናገሩትም ሰዎች ስለምን እንደሚናገሩት ዘንግተውታል። «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የሚለው ቃል በሰፊ ማሳ መካከል ሲነገርና በአንድ ክፍል የኪራይ ቤት ውስጥ ሲነገር ፍቺው አንድ አይደለም።

በዘርአ ያዕቆብ ስም የሚታወቀው፥ ደራሲውም ማን እንደ ሆነ ሊቃውንት የሚከራከሩበት የግእዝ «ሐተታ» አጥብቆ የሚወቅሰው ነገር ይህን ይመስላል፤ ሰው ከአባቶቹና ከጎረቤቶቹ የሰማውን ሳይመረምር እውነት ነው ብሎ መቀበሉን። ሐተታ ማለት ራሱ ምርመራ ማለት ነው። የቆየ ነገር ሁሉ ሐሰት ነው ማለት ግን አይደለም። ከአባቶች የተቀበልነውን ምክር ከመፈጸማችን በፊት ምክንያቱ ዛሬም በሕይወት እንዳለ ልንጠይቅ ይገባናል ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ራሱ ለውጡ እንመለስ። የኢትዮጵያ የቤተሰብ መምሪያ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1966 ተመሠረተ። ከዚያ ከብዙ ዓመት በኋላ፥ በ1985 ዓ.ም.፥ መንግሥት የሕዝብ ፖሊሲ አወጣ፤ ዓላማውም አንዲት ሴት በዕድሜዋ የምትወልዳቸውን ልጆች አማካይ ቁጥር ከ7.7 ወደ 4 ገደማ እ.ኤ.አ. እስከ 2015 ድረስ ማውረድ ነበር። በ2008 ዓ.ም. የተደረገው ጥናት ያገኘው ቁጥር 4.6 ነው። ከግቡ በጥቂት ቢጐድልም ታላቅ ለውጥ ነው። ነገር ግን አማካዩ ቁጥር የሚደብቀው ነገር አለ። በዚያው ጥናት የገጠሩ ቁጥር 5.2፥ የከተማው 2.3 ነበር፤ በሶማሌ ክልል 7.2፥ በአዲስ አበባ ደግሞ 1.8 ነበር። በአንድ ሕግ፥ በአንድ ፖሊሲ ሥር የሚኖሩ ሴቶች ይህን ያህል ከተለያዩ፥ ሰውን የሚያስወልደው ወይም ከመውለድ የሚያቆየው የመንግሥት ቃል ብቻ እንዳልሆነ ግልጥ ነው። የኑሮው ሁኔታ አለበት፤ የትምህርትና የጤና ጣቢያ መኖርና አለመኖር አለበት፤ ከእነዚህም ጋር በየዕለቱ ፊት ለፊት የሚያያቸው ሰዎች የሚሉትና የሚያደርጉት ነገር አለበት።

ይህ የመጨረሻው ነገር ግምት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1963 በታይዋን አገር በታይቹንግ ከተማ አንድ ታላቅ ሙከራ ተደርጎ ነበር። ከተማዋ እያንዳንዳቸው ጥቂት ዐሥር ቤተሰቦች በያዙ ብዙ ትንንሽ መንደሮች ተከፈለች። በአንዳንዱ መንደር ነርስ ሚስትየዋን ብቻ፥ በአንዳንዱ ባልንም ሚስትንም ቤት ለቤት እየዞረች ስለ ወሊድ መከላከያ አስተማረች፤ ለአንዳንዱ መንደር ደብዳቤ ብቻ ተላከ፤ በአንዳንዱ ምንም የተለየ ነገር አልተደረገም። በመጨረሻ የተገኘው ውጤት የሙከራውን አዘጋጆች ጭምር የሚያስገርም ነበር። ነርስ ካልረገጠቻቸው መንደሮች፥ ከከተማይቱም ውጭ፥ ብዙ ሴቶች እየመጡ መከላከያውን ጠየቁ። ወሬውን ከጎረቤት፥ ከዘመድና ከወዳጅ ሰምተውት ነበር። በኮሪያም እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ በየመንደሩ የእናቶች ማኅበር ተቋቁሞ፥ ሴቶቹ እንደ እኛ ዕቁብ ገንዘብ እያዋጡ፥ እግረ መንገዳቸውንም ስለ መውለድና ስለ ማራራቅ እየተማከሩ የአገራቸውን ልማድ ለመለወጥ ረድተዋል።

በአገራችንም ቢሆን እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2004 በሬዲዮ ይተላለፍ የነበረውን «የቀን ቅኝት» የሚባለውን ተከታታይ ድራማ ብዙ ሰው ያስታውሰዋል። ድራማው ስለ ቤተሰብ ምጣኔና ስለ ጤና የሚያስተምረው በትእዛዝ አልነበረም፤ በባልና ሚስት፥ በአማትና በጎረቤት መካከል በሚደረግ ንግግር ነበር እንጂ። አዘጋጆቹ ሰው ከሐኪም ቃል ይልቅ የጎረቤቱን ታሪክ እንደሚሰማ ዐውቀዋል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በየቀበሌው የተሰማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ከዚያው ከአካባቢው የተመረጡ ሴቶች እንዲሆኑ የተደረገው ያለ ምክንያት አይደለም።

እንግዲህ ዘመድና ወዳጅ በዚህ ጉዳይ ኃይል እንዳላቸው ከታወቀ፥ የኃይሉን ዓይነት መለየት ያስፈልጋል። እኔ እንደሚመስለኝ አራት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው ማሳወቅ ነው፤ አንዷ ሴት ያየችውንና የደረሰባትን ለሌላዋ ትነግራለች። ሁለተኛው ምሳሌ መሆን ነው፤ ማንም ምንም ሳይናገር አንዱ የሌላውን ኑሮ አይቶ ይከተላል። ሦስተኛው መርዳት ነው፤ አያት ሕፃኑን ትይዛለች፥ እኅት ታርሳለች፥ ወንድም በችግር ቀን ይደርሳል። አራተኛው መጫን ነው፤ በስድብ፥ በሐሜት፥ በኩርፊያ፥ በእርግማን፥ ወይም በዕንባ ሰውን ማስገደድ ነው። ከእነዚህ መካከል ፊተኞቹ ሦስቱ የሰውን ፈቃድ ያሰፋሉ፤ አራተኛው ግን ያጠባል። ክፋቱ አራቱም ከአንድ አፍ፥ አንዳንዴም በአንድ ቀን መውጣታቸው ነው። ሕፃን ለመያዝ ቃል የምትገባው አያት ያን ዕለት ማታ ታኰርፍ ይሆናል።

ብዙ ሰው የሚጫን ዘመድ ብቻ ነው፥ ወዳጅ ግን ነፃነትን ያውቃል ብሎ ያስባል። ይህ አሳብ እንደ ገና ሊመረመር ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ በአንድ የማኅበራዊ ኑሮ ጥናት መጽሔት የወጣ ምርምር፥ አብረው የተማሩ ወጣት ሴቶችን ተከታትሎ፥ አንዷ ስትወልድ የባልንጀራዋ የመውለድ ዕድል ከፍ እንደሚልና ይህም ኃይል ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ከሁሉ እንደሚበረታ፥ ከዚያም እንደሚቀንስ አሳይቷል። በዚያ አገር አማት ከቤት ገብታ የምትጠይቅበት ልማድ እንደ እኛ የበረታ አይደለም፤ ሆኖም ሰዎቹ በባልንጀሮቻቸው ተመርተዋል። ምክንያቱም ለመረዳት የሚያስቸግር አይደለም። ባልንጀሮቹ ሁሉ የወለዱበት ሰው በጨዋታቸው መካከል እንግዳ ሆኖ ይቀራል፤ ወሬያቸው ስለ ክትባትና ስለ መዋዕለ ሕፃናት ይሆናል፤ የእርሱ ዝምታ ይታወቅበታል።

ደግሞም የወዳጅ ኃይል ወደ መውለድ ብቻ አይገፋም። የአዲስ አበባን የወሊድ መቀነስ የመረመሩ ሊቃውንት ዋናው ምክንያት የጋብቻ መዘግየት፥ ሁለተኛውም የወሊድ መከላከያ መሆኑን አግኝተዋል። ጋብቻውን ያዘገየው የሥራና የቤት እጦት እንደ ሆነ ማንም የከተማ ነዋሪ ያውቀዋል። ነገር ግን አንድ ነገር ከችግር ተጀምሮ ወደ ልማድ፥ ከልማድም ወደ ኩራት ሊለወጥ ይችላል። ዛሬ በከተማ ሦስት ወይም አራት ልጅ ለመውለድ የሚመኙ፥ ዐቅሙም ያላቸው ባልና ሚስት በባልንጀሮቻቸው ዘንድ «እንዴት በዚህ ዘመን!» ተብለው ሲሳቅባቸው ይታያል። አንዲት የተማረች ሴት በሃያ አራት ዓመቷ ብትወልድ «ምን አስቸኰላት?» ትባላለች፤ በሠላሳ አራት ዓመቷ ሳትወልድ ብትገኝ ደግሞ እነዚያው ሰዎች «ምን ነካት?» ይሏታል። አሮጌውን ጫና በአዲስ ጫና መለወጥ ነፃነት አይባልም። ነፃነት ማለት የሚጫነን ሰው ሲለወጥ ሳይሆን፥ የቆረጥነው ነገር ምክንያቱ የራሳችን ሲሆን ነው።

የጫናውን መራራነት ለማወቅ የሚፈልግ በመጽሐፈ ሳሙኤል መጀመሪያ የተጻፈውን የሐናን ታሪክ ያስብ። በዚያ ታሪክ ልጅ የሌላትን ሴት ሦስት ዓይነት ሰዎች ከበዋታል። ጣውንቷ ፍናና ዓመት ዓመት እያበሳጨች ታስለቅሳታለች። ካህኑ ዔሊ በጸሎት ላይ ሳለች ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይቶ የሰከረች መስሎት ይገሥጻታል፤ ክፉ ሰው ስለ ሆነ ሳይሆን ኀዘኗን ስላላወቀ ነው። ባሏ ሕልቃና ግን ያለ ልጅም ቢሆን በእርሱ ዘንድ የተወደደች መሆኗን ሊያስረዳት ይጥራል። በእኛም ሠፈር ሦስቱም አሉ። ፍናና የሚሆኑት ጥቂቶች ናቸው፤ ብዙዎቻችን የምንመስለው ዔሊን ነው፤ ሳናውቅ እንፈርዳለን። ሕልቃናን የሚመስል ጥቂት ነው።

ሳያውቁ መፍረድ ቀላል በደል አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 እንዳስታወቀው ከስድስት ሰዎች አንዱ ያህል በዕድሜው ውስጥ የመውለድ ችግር ይገጥመዋል። ችግሩ በወንዱም በሴቲቱም ወይም በሁለቱም ሊሆን እንደሚችል በሕክምና የታወቀ ነው። በእኛ ዘንድ ግን ገና ሳይመረመር «መካን» የምትባለው ሴቲቱ ናት። ባል ሌላ እንዲያገባ የሚመክሩት፥ ሚስትን ከጸበል ወደ ጸበል፥ ከሐኪም ወደ ሐኪም የሚያመላልሷት፥ እርሱን ግን አንድ ጊዜ እንኳ እንዲመረመር የማይጠይቁት ዘመዶቹ ናቸው። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ «መቼ ነው የምትወልጂው?» የሚለው ጥያቄ እንደ ሰላምታ የሚታይ አይደለም፤ በቁስል ላይ የሚጨመር በርበሬ ነው። ጠያቂው ቁስሉን አላየሁም ቢልም፥ ሳያይ ሊጨምር አይገባውም ነበር።

ጫናው የሚጀምረው ደግሞ ከወሊዱ በፊት ነው። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት፥ ከ25 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች መካከል ግማሾቹ 17 ዓመት ከጥቂት ወር ሳይሞላቸው ተድረው ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 አድርጎታል። ከዚያ በታች የተዳረች ልጅ ግን የምትቆርጠው ነገር አልነበረም፤ ወላጆቿ ጋብቻዋን ሲቆርጡ የመውለዷን ነገር አብረው ቆርጠውታል። በሌላም በኩል ሴት ልጆችን ደጋግማ የወለደች እናት «ወንድ እስኪገኝ» ተብላ ሰውነቷ ከሚችለው በላይ የምትወልድበት ቤት አለ። የሚጸናው ቤት የወንዱ ስም የሚጠራበት ብቻ ነው የሚለው አሳብ፥ ለተወለዱት ሴቶች ልጆች «እናንተ አትበቁም» ብሎ መንገር ነው።

በዚህ ላይ የሚነሣ መቃወሚያ አለ፤ ቀላልም አይደለም። «በአገራችን ልጅን የሚያሳድጉት አባትና እናት ብቻ አይደሉም። እናት ስትወልድ ገንፎ የምታገነፋው ጎረቤት ናት፤ አራሷን የምታርሰው እናቷ ናት፤ ወላጅ ቢሞት ልጁን የሚያነሣው አጎት ነው። ሸክሙን የሚካፈል ሰው በምክሩ እንዳይካፈል መከልከል በደል አይሆንምን? እያንዳንዱ ባልና ሚስት ብቻቸውን ይቁረጡ ማለትስ ከባዕድ አገር የመጣ፥ ቤተሰብን የሚበትን አሳብ አይደለምን?» የሚሉ አሉ። ለዚህ መልስ የሚሆን ተረት እዚሁ በቋንቋችን አለ፤ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» ይባላል። እውነት ነው፤ ሎሚውን የሚካፈል ሰው ሊናገር ይችላል። ነገር ግን «ጨምሩ፥ ጨምሩ» ብለው ከሚመክሩት ሃምሳ ሰዎች መካከል ልጁ ሲታመም ሌሊት የሚነሡት ስንት ናቸው? የትምህርት ቤት ክፍያ ሲደርስ የሚያዋጡትስ ስንት ናቸው? በምክር ጊዜ ሃምሳ ሆነው በሸክም ጊዜ ሁለት ሰዎች የሚቀሩ ከሆነ ተረቱ ተገልብጧል፤ ጌጡ ለሃምሳው፥ ሸክሙ ለሁለቱ ሆኗል።

ከዚህም በላይ፥ ሸክሙን በእውነት የሚካፈል ዘመድ እንኳ ሊካፈለው የማይችለው ነገር አለ። ዘጠኝ ወር መሸከምና ማማጥ የሚካፈሉት አይደለም። ስለዚህ ይህ ዘመድ የመናገር መብት አለው፤ የመቁረጥ መብት ግን የለውም። ይህ አሳብ የባዕድ ብቻ አይደለም፤ በሕጋችንም ገብቷል። እ.ኤ.አ. በ1968 በቴህራን የተሰበሰበው የሰብአዊ መብት ጉባኤ የልጆቻቸውን ቁጥርና መራራቅ በነፃነትና በኀላፊነት መወሰን የወላጆች መብት መሆኑን ገልጧል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥታችንም በአንቀጽ 35 ሴቶች በእርግዝናና በወሊድ ምክንያት ከሚደርስ ጉዳት እንዲጠበቁ የቤተሰብ ምጣኔ ትምህርት፥ መረጃና ዐቅም የማግኘት መብት እንዳላቸው ደንግጓል።

መንግሥታት ራሳቸው ይህን ወሰን ሲያልፉ ምን እንደ ደረሰ የቅርብ ታሪክ ያስተምራል። ሮማንያ እ.ኤ.አ. በ1966 ሕዝቧ እንዲበዛ ብላ ፅንስ ማስወረድን በጥብቅ ከለከለች፤ እስከ 1989 ድረስ በጸናው በዚያ ሕግ ብዙ ሴቶች በሥውር ሲያስወርዱ ሞቱ፤ ብዙ ሕፃናትም በየማሳደጊያው ተጣሉ። ቻይና ደግሞ በተቃራኒው ከ1970ዎቹ መጨረሻ እስከ 2015 ድረስ በአንድ ልጅ ሕግ ሕዝቧን አስገደደች፤ ዛሬ ግን በሽማግሌዎች መብዛትና በሕፃናት ማነስ ተጨንቃ ውለዱ እያለች ትለምናለች። አንዱ ውለዱ፥ ሌላው አትውለዱ ብሎ አዘዘ፤ የሁለቱም ስሕተት ግን አንድ ነው፤ የሰውን ማሕፀን እንደ መንግሥት ንብረት ቈጠሩት። ዘመድ ወታደር ስለሌለው ጫናው ያንሳል፤ በመሠረቱ ግን ማሕፀንን የቤተ ዘመድ ንብረት አድርጎ መቁጠር ከዚህ ብዙም አይርቅም።

ታዲያ ምክርን ከጫና በምን እንለየዋለን? ሦስት ፈተናዎች ይበቃሉ ብዬ አምናለሁ። አንደኛው፥ መካሪው የተመካሪውን ኑሮ ያውቃልን? ገቢውን፥ ጤናውን፥ በባልና ሚስቱ መካከል ያለውን ሰላም ሳያውቅ የሚናገር መካሪ ልብሱን ሳይለካ እንደሚሰፋ ልብስ ሰፊ ነው። ሁለተኛው፥ ምክሩ ከተፈጸመ በኋላ ከሚመጣው ድካም የሚካፈለው ድርሻ አለውን? ሦስተኛውና ዋናው ይህ ነው፤ ምክሩ ባይፈጸም ምን ያደርጋል? አንድ ሰው ሲመክር መካሪ ይሁን አዛዥ በንግግሩ ጊዜ አይለይም፤ ሁለቱም በለዘበ ቃል ሊናገሩ ይችላሉና። የሚለየው እምቢ በተባለ ጊዜ ነው። እምቢ ተብሎ ፍቅሩ ያልቀነሰ፥ እግሩን ከቤት ያላራቀ፥ ነገሩን በሠፈር ያላወራ እርሱ መካሪ ነው። እምቢ በተባለ ጊዜ የሚያኰርፍና የሚረግም ግን ቀድሞውንም ሲያዝ ነበር፤ ትእዛዙን ምክር ብሎ ጠራው እንጂ።

የእነዚህን ፈተናዎች ጥቅም የሚያስረዳ አንድ ምሳሌ ከራሳችን እናቶች ልማድ ልጥቀስ። በብዙ ቦታ አሮጊቶች «ይህ ጡት ሳይጥል ሌላ አትድገሚ» ብለው ይመክራሉ። የዓለም የጤና ድርጅት ዛሬ እናት ከወለደች በኋላ ዳግመኛ ከማርገዟ በፊት ቢያንስ 24 ወራት እንድትቈይ ይመክራል። አሮጊቷና ድርጅቱ ሳይተዋወቁ አንድ ቃል ተናገሩ። እንግዲህ «ይህ የእኛ ጉዳይ ነው፥ ማንም አይናገረን» ብለው ጆሮአቸውን የሚደፍኑ ወጣት ባልና ሚስትም አዋቂዎች አይደሉም። ምክርን መስማት ሌላ ነው፥ ለምክር መገዛት ሌላ ነው። ሰምቶ መርምሮ የሚቆርጥ ሰው ነፃ ነው፤ ሳይሰማ የሚቆርጥ ግን የገዛ ድንቁርናው ባሪያ ሊሆን ይችላል።

በዚህ ሁሉ ክርክር መካከል ድምፁ የማይሰማ አንድ ባለጉዳይ አለ፤ እርሱም ገና ያልተወለደው ልጅ ነው። አያት የልጅ ልጅ ለማየት ትፈልጋለች፤ አባት ስሙ እንዲጠራ ይፈልጋል፤ ባልንጀራ የልጁ አብሮ አደግ እንዲገኝለት ይፈልጋል፤ አንዳንዱም የተናጋ ትዳሩ በልጅ ይጸና እንደ ሆነ ይሞክራል። እነዚህ ሁሉ የሰው ፍላጎቶች ናቸው፥ የሚነቀፉም አይደሉም። ነገር ግን በእነዚህ ምክንያቶች ብቻ የተወለደ ልጅ የሌላ ሰው ጕድለት መሙያ ሆኖ ይመጣል። አያቲቱ አይታው ትደሰታለች፥ ከዚያም ወደ ቤቷ ትሄዳለች፤ ልጁ ግን ለሰባ ወይም ለሰማንያ ዓመት ይኖራል። ስለዚህ ከመቁረጣቸው በፊት ባልና ሚስት ይህን ባለጉዳይ ወክለው ሊጠይቁ ይገባል፤ «ይህ ልጅ ለራሱ ተብሎ የሚፈለግበት ቤት አለን? ወንድም ቢሆን፥ ሴትም ብትሆን፥ ደካማም ሆኖ ቢወለድ የምንቀበልበት ልብ አለን?» ብለው። ለዚህ ጥያቄ መልስ ያላቸው ባልና ሚስት አንድም ይውለዱ ስድስት፥ የቆረጡት በአግባቡ ነው። መልስ የሌላቸው ግን መላው ዘመድ ቢያጨበጭብላቸውም ገና አልቆረጡም።

የዚህ መጽሔት አንባብያን አብዛኛዎቹ የመንግሥት ሠራተኞች፥ መምህራንና ተማሪዎች ናቸው። ሁላችንም በየወገናችን እንደ ተማረ ሰው ስለምንታይ ቃላችን ይሰማል፤ ስለዚህ ዕዳችን ከሌላው ይከብዳል። ወላጅ የሆነ ሰው ለዳረው ልጁ ዕውቀቱንና እጁን ይስጥ፥ ፍርዱን ግን ለእርሱ ይተውለት። ባልንጀራ የሆነ የሰውን ገበታ አይቶ የልጁን ቁጥር ከመቁጠር፥ ልጅ ያለው ባልንጀራው ሲደክም ልጁን አንድ ቀን ይያዝለት፤ ልጅ የሌለውንም ከጨዋታው አያርቀው። መምህር የሆነ ደግሞ ለተማሪዎቹ የመውለድ ነገር የወንድና የሴት እኩል ኀላፊነት መሆኑን ያስተምር። ሙሽራው ደግሞ ሚስቱን ከእናቱ ጥያቄ የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ «እማዬ፥ ይህን እኔና እርሷ ተማክረን እንነግርሻለን» ብሎ በአክብሮት መመለስ እናትን መድፈር አይደለም፤ የሚስትን ክብር መጠበቅ ነው።

ቤተ ዘመድ ያለ መጫን ሊወድ አይችልም የሚል ሰው ቢኖር ቤተ ዘመድን ዝቅ አድርጎ ገምቷል። ብዙ ልጅ ወልዶ ለማሳደግ የቻለ ወገን፥ ጥቂት የወለደውንም፥ ያልወለደውንም እኩል አቅፎ ለመያዝ የሚያንሰው ኃይል የለም። የአንድ ወገን ብርታት የሚለካው በሚያስወልዳቸው ልጆች ቁጥር ሳይሆን፥ የራሱን ነገር በራሱ ኅሊና የቆረጠ ልጁን ሳያርቅ በመካከሉ ለማኖር በመቻሉ ነው።